«እምብርት» እና «ክር»፦ የሁለት የኮምፒዩተር ቃላት ታሪክ

«ኮር» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ወደ ኮምፒዩተር ሙያ ሲገባ ዛሬ የያዘው ፍቺ አልነበረውም። በ1950ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኮር ማለት በቀጫጭን ሽቦዎች መረብ ላይ የተሰካች የማግኔት ቀለበት ነበረች፤ እያንዳንዷም አንዲት ቢት ትይዝ ነበር። ይህም የማስታወሻ ክፍል እንጂ የሚያሰላ ክፍል አይደለም። ስለዚህ የዚያን ዘመን ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው «የማግኔት ቀለበት» ቢል እንጂ «እምብርት» ቢል አንባቢውን ያሳስታል። በአንድ ቺፕ ላይ ከተሠሩ ሙሉ አስሊ ክፍሎች አንዱ ማለት ለሆነው ለአሁኑ ፍቺ በቀደምትነት የሚጠቀሰው የአይ.ቢ.ኤም. ፓወር 4 ነው፤ በ2001 ሁለት እምብርት ይዞ ወጣ።

«ክር» ግን ከመነሻው ፍቺውን ብዙም አልለቀቀም። ጄሮም ሳልትዘር በ1966 ለኤም.አይ.ቲ. ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የስያሜው አመንጪ ቪክቶር ቪሶትስኪ መሆኑን ገልጿል። አንዱ ትእዛዝ ሌላውን ተከትሎ የሚሄድበት መስመር ማለት ነውና፣ ለእኛ ቋንቋ እንግዳ አይሆንም።

ችግሩ የመጣው ሁለቱ ቃላት ሲገናኙ ነው። እምብርቱ ከማስታወሻው መረጃ እስኪመጣለት ሲጠብቅ አስሊ ክፍሎቹ ሥራ ይፈታሉ፤ በዚያ ክፍተት የሌላ ክር ትእዛዝ ቢሰጠው ጊዜው አይባክንም። ተልሰን፣ ኤገርስና ሌቪ በ1995 ይህን አሠራር በጥናት አቀረቡ፤ ኢንቴልም በ2002 ለገበያ አበቃው። ኩባንያው ራሱ እንደገለጸው በቺፑ ስፋት ላይ የተጨመረው ከመቶ 5 ያነሰ ሲሆን፣ የፍጥነቱ ጭማሪ እስከ ከመቶ 30 ይደርሳል። በእጥፍ እንዳላደገ ልብ ይሏል። ሁለት ክር የያዘ ሸማኔ ሁለት ሸማኔ አይሆንም፤ አስሊ ክፍሎቹ አስቀድሞ በሥራ ከተያዙ ሁለተኛው ክር የመጀመሪያውን እስከ ማዘግየት ይደርሳል። አሠራሩን በማስተካከያ ማጥፋት የሚቻለውም ስለዚህ ነው። ኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ. ግን በ2018 በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ያጠፋው ለፍጥነት ሳይሆን ለመረጃ ደኅንነት ሲባል ነበር።

የፍቺው ጉዳይ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኤ.ኤም.ዲ. በ2011 ቡልዶዘር የተባለውን ፕሮሰሰር «ባለ 8 ኮር» ብሎ ሸጠ፤ ነገር ግን ሁለት ሁለቱ የነጥብ ቁጥር አስሊውንና ትእዛዝ ተርጓሚውን ይጋሩ ነበር። ገዢዎች በ2015 በካሊፎርኒያ ከሰሱ፤ የክርክሩ ፍሬ ነገር አንድ ክፍል እምብርት ለመባል ምን ምን ለብቻው ሊኖረው ይገባል የሚል ነበር። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ በየቀኑ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኸው ነው። በ2019 ኩባንያው 12.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማና ጉዳዩ በዕርቅ አለቀ፤ ፍቺው ግን ሳይበየን ቀረ።

እኛ ለኮር «እምብርት»፣ ለትሬድ «ክር»፣ ለአሠራሩም «ባለብዙ ክር አሠራር» እንላለን። «ፍሬ» የሚለውን አስበንበት ነበር፤ ሆኖም ከርነል ለተባለው የሥርዓተ ክወና ክፍል ብናቆየው ይሻላል። ሁለቱን ማደባለቅ የሚያስከትለውን ስሕተት ከኢንቴል ሁለት ሥራዎች መረዳት ይቻላል። በ2021 የወጣው አንዱ 8 ታላላቅና 8 ታናናሽ እምብርት አለው፤ ታላላቆቹ ሁለት ሁለት፣ ታናናሾቹ አንዳንድ ክር ስለሚይዙ 16 እምብርትና 24 ክር ይሆናል። በ2024 የወጣው ሌላው 24 እምብርትና 24 ክር ብቻ አለው፤ ሁለት ሁለት መያዙ ቀርቷልና። ተርጓሚው ሁለቱንም «ባለ 24» ብሎ ካለፈ፣ ገዢው የ8 እምብርት ልዩነት ተሰውሮበት ይቀራል።