የውጭ መስመር በረኛ



ቀድሞ የሞት ወሬ የሚነገረው በጥሩምባ ነበር። ዛሬም ጥሩምባው አልቀረም፤ ነገር ግን ራቅ ብሎ የዋለውን አባል ቶሎ የሚጠራው ስልክ ነው። በእጅ ስልኩ ያላገኘነውን ሰው በመሥሪያ ቤቱ ስልክ እንፈልገዋለን።

ታዲያ ብዙዎቻችን የማናስተውለው አንድ ነገር አለ። ትልቅ መሥሪያ ቤት፣ ሆስፒታልም ሆነ ሆቴል የራሱ የስልክ ማዞሪያ አለው። በውስጥ መቶም ሁለት መቶም ስልክ ይኖራል፤ ወደ ውጭ የሚያወጣው መስመር ግን ጥቂት ነው። በሁለቱ መካከል አንድ በረኛ ይቆማል። ይህ በረኛ ድሮ ሰው ነበር፤ ኋላ ብረት ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ ማዞሪያው ውስጥ የሚሰካ የኤሌክትሮኒክ ካርድ ነው። በረኛው ቢለዋወጥም ለማን እንዲከፍት የሚያዘው ግን ሁልጊዜ ሰው ነው። ታሪኩም ይህንኑ ያስረዳናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለንግድ የዋለው የመጀመሪያው ማዞሪያ የተከፈተው በ1878 በአሜሪካ፣ ኒው ሄቨን በምትባል ከተማ ነው። ደንበኞቹ 21 ነበሩ። ደዋዩ የሚፈልገውን ሰው ይናገራል፤ ስልከኛው በእጁ ያገናኛል። እንግዲህ መንገዱ በስልከኛው ፈቃድ ነበረ ማለት ነው።

ይህ አሠራር ያስመረረው ሰው ሥራው ለእኛ ለእድርተኞች እንግዳ አይደለም። አልሞን ስትሮውጀር በካንሳስ ሲቲ ቀብር አስፈጻሚ ነበር። እንደሚተረከው ከሆነ የተፎካካሪው ሚስት ስልክ ቤት ትሠራ ኖሮ፣ ስትሮውጀርን ፈልጎ የሚደውለውን ሐዘንተኛ ሁሉ ለባሏ ታገናኘው ነበር አሉ። ወሬው እውነት ሆነም አልሆነ፣ ሰውዬው ያለ ሰው እጅ የሚያገናኝ ማዞሪያ ፈልስፎ በ1891 የፈጠራ መብት አገኘበት። በ1892 ላ ፖርት፣ ኢንዲያና ውስጥ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ መንገዱን የሚመርጠው ደዋዩ ራሱ በሚሰጠው ቁጥር ሆነ።

በዚያው ዘመን፣ በ1894፣ አፄ ምኒልክ ስልክን ወደ አገራችን አስገቡ። አዲስ አበባንና ሐረርን የሚያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው።

ስልክ በየመሥሪያ ቤቱ ሲበዛ አዲስ ጥያቄ መጣ፦ ስንት የውጭ መስመር ይበቃል? መቼም እድራችን ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ድንኳን አይገዛም፤ ለቅሶ በአንድ ጊዜ ስንት ቤት ሊገባ እንደሚችል ገምቶ ነው እንጂ። የኮፐንሃገኑ የሒሳብ ሰው ኤርላንግ በ1917 ይህንኑ ለስልክ በቀመር አስቀመጠው። በቀመሩ መሠረት፣ በአማካይ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ሊነጋገር በሚፈልግበት ቤት 5 መስመር ብቻ ቢኖር፣ ከ100 ጥሪ 28 ያህሉ መስመር አጥቶ ይመለሳል። 10 መስመር ቢኖር ግን የሚመለሰው 2 ያህል ብቻ ነው። በአማካይ ይበቃል ብሎ መስመር መቆጠብ አያዋጣም ማለት ነው።

ወደ ዛሬው በረኛ እንምጣ። ድምፅ ወደ ቁጥር እየተለወጠ መላክ ከጀመረ ወዲህ፣ በአውሮፓም በእኛም አገር በተለመደው ሥርዓት አንድ መስመር 32 ክፍል አለው። 30ው ለንግግር ነው፤ አንዱ ሁለቱን ወገኖች አብሮ ለማስኬድ፣ አንዱ ደግሞ ማን ማንን እንደሚፈልግ ለመናገር ይውላል። ካርዱን የሚያስተካክለው ባለሙያ ታዲያ ጥቂት ነገሮችን መወሰን አለበት።

አንደኛ፣ ሰዓት። ካርዱ ሰዓቱን ከስልክ ድርጅቱ መቀበል አለበት። ሁለቱም በየራሳቸው ሰዓት ከሄዱ ንግግሩ ቋ ቋ ይላል፤ ፋክስም ይበላሻል። ሁለተኛ፣ ግጭት። ከውስጥ የሚወጣውና ከውጭ የሚገባው ጥሪ አንዱን መስመር እኩል እንዳይዙት፣ አንዱ ወገን ከ1 ወደ ላይ፣ ሌላው ከ30 ወደ ታች እየቆጠረ ይወስዳል። በጠባብ መንገድ ላይ እንደሚተላለፉ ሰዎች መሆኑ ነው። ሦስተኛ፣ ሌሊት። ስልከኛዋ ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ከውጭ የመጣው ጥሪ የት ይጩህ? ይህ ካልተወሰነ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲጮኽ ያድራል።

አራተኛው የሰው ሕይወት ያለበት ነው። በብዙ ቦታ የውጭ መስመር ለማግኘት አስቀድሞ 9 ይጫናሉ። በ2013 በአሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ማርሻል በምትባል ከተማ አንዲት እናት ሆቴል ውስጥ ጥቃት ደረሰባት። የ9 ዓመት ልጇ የድረሱልን ቁጥር የሆነውን 911 አራት ጊዜ ደወለች፤ አልወጣላትም። ቁጥሩን ማንም ያስተማራትን ያህል ታውቀዋለች፤ ቀድሞ ሌላ 9 መጫን እንዳለበት ግን ማን ይንገራት? እናትየዋ ሞተች። ከዚህ በኋላ በእናትየዋ ስም የተጠራው የካሪ ሕግ በ2018 ጸደቀ። ከየካቲት 2020 ወዲህ በዚያ አገር የሚተከል የድርጅት ማዞሪያ የድረሱልን ጥሪ ያለ ምንም መግቢያ ቁጥር እንዲያሳልፍ ይገደዳል።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። የፖሊሱ 991 ራሱ በ9 ይጀምራል። በ9 በሚወጣበት መሥሪያ ቤት በረኛው የመጀመሪያዋን 9 ለራሱ ዋጥ ካደረጋት፣ ወደ ውጭ የምትወጣው 91 ብቻ ናት። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ካርዱ ሲስተካከል 991ን ሳትነካ አሳልፍ ተብሎ ይጻፍለታል። ካልተጻፈለት ግን ከራሱ አያውቀውም።

ስለዚህ አባሎቻችን፣ በየምትሠሩበት ቤት ሦስት ነገር ጠይቁ። የድረሱልን ጥሪ በቀጥታ ይወጣል ወይ? ማታ የሚመጣ ጥሪ የት ይጮኻል? መስመሮቹስ ለሰዉ ይበቃሉ ወይ? የምትጠየቁት ገንዘብ የለም፤ ባለሙያውን ጠርቶ ማስተካከል ነው። ለቅሶ ከደረሰ በኋላ ድንኳን መትከሉን እናውቅበታለን፤ አስቀድሞ ደርሶ ማዳን ከተቻለ ግን እሱ ይሻለናል።