መቶኛው ፊልም

የፊልም ተመልካች ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወደ ጨለማው አዳራሽ ገብቶ፣ ስቆ ወይም አልቅሶ፣ መብራት ሲበራ ያየውን ሁሉ እዚያው ወንበሩ ላይ ትቶ የሚወጣ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያየውን ይዞ የሚወጣ፣ በመንገድ ላይ የሚያሰላስል፣ ቤቱ ሲደርስ «ይህ እንዴት ተሠራ? ለምንስ እንዲህ ሆነ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት ተመልካች መንቀፍ አይገባም። ከሥራ የደከመ ሰው የሚያርፍበት ሥፍራ ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ የፊልም ጥበብ ወደ ፊት እንዲራመድ ከረዱት ኃይሎች አንዱ የሁለተኛው ዓይነት ተመልካች ትጋት መሆኑ አይካድም። ለዚህም ከሕንዱ የፊልም አዘጋጅ ከሳትያጂት ሬይ የሕይወት ታሪክ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያዳግታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሬይ በ1921 በካልካታ ከተማ ተወለደ። አያቱ ኡፔንድራኪሾር የሕፃናት መጻሕፍት ደራሲ፣ ሠዓሊና የኅትመት ጥበብ ሊቅ ነበር። አባቱ ሱኩማርም በቤንጋሊ ቋንቋ ዛሬም ድረስ በልጆች አፍ የሚነገሩ አስቂኝ ግጥሞችን የጻፈ ባለቅኔ ነበር። ነገር ግን አባቱ የሞተው ልጁ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ሲሆን፣ የቤተሰቡ ማተሚያ ቤትም ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። እናትና ልጅ በአጎቱ ቤት ተጠግተው ለመኖር ተገደዱ። ሬይ ከአባቶቹ የወረሰው ሀብት ሳይሆን እርሳስ የመያዝና ያዩትን በወረቀት ላይ የማስፈር ልማድ ነበር።

ይህ ልማድ ገና በተማሪነቱ ዘመን ወደ ፊልም ተሻገረ። በካልካታ ሲኒማ ቤቶች የሚታዩትን የአሜሪካ ፊልሞች እየተከታተለ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ እየመዘገበ፣ ለእያንዳንዳቸው እንደ መምህር ነጥብ ይሰጣቸው ነበር። እንደ ማንኛውም ወጣት በመጀመሪያ የማረኩት ተዋንያኑ ነበሩ። ቆየት ብሎ ግን ዓይኑ ከተዋናዩ ፊት ተነሥቶ ከካሜራው በስተጀርባ ወደ ቆመው ሰው ዞረ። አንድን ፊልም ከሌላው የሚለየው ማን እንደ ተጫወተበት ሳይሆን ማን እንዳዘጋጀው መሆኑን ሲረዳ፣ ከመጀመሪያው ዓይነት ተመልካች ወደ ሁለተኛው ተሸጋገረ ማለት ነው።

በ1940 በእናቱ ግፊት ራቢንድራናት ታጎር ወደ መሠረተው የሻንቲኒኬታን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሥዕል ለመማር ሄደ። የከተማ ልጅ ነበርና ወደ ገጠር መሄዱን አልወደደውም። ሻንቲኒኬታን ሲኒማ ቤት አልነበረውም። ኦርሰን ዌልስ የሠራው «ሲቲዝን ኬን» ካልካታ መጥቶ ለጥቂት ቀናት ታይቶ ሲመለስ ሬይ ሳያየው መቅረቱ ሲቆጨው ኖሯል። ይሁን እንጂ ዕጦቱ ሁለት ነገሮችን አስገኘለት። አንደኛ፣ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስለ ፊልም ጥበብ የተጻፉ ጥቂት መጻሕፍትን አግኝቶ፣ ያላያቸውን ፊልሞች በሐሳቡ እያየ የጥበቡን ሕግ አጠና። ሁለተኛ፣ ከመምህራኑ ከናንዳላል ቦስና ከቢኖድ ቢሃሪ ሙከርጂ እግር ሥር ተቀምጦ አንዲትን የሣር ቅጠል፣ አንዲትን የውኃ ጠብታ ዝም ብሎ መመልከትን ተማረ። የቤንጋልን ገጠር በቅርብ ያየውም ያን ጊዜ ነው። በኋላ በሥራዎቹ ውስጥ የሚታየው እርጋታ ምንጩ እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትምህርቱን ሳይፈጽም ወደ ካልካታ ተመልሶ፣ በ1943 በአንድ የእንግሊዝ ማስታወቂያ ድርጅት በወር 80 ሩፒ ደመወዝ በሠዓሊነት ተቀጠረ። ዘመኑ የታላቁ የቤንጋል ረኀብ ዘመን ነበር። ገበሬው ከየመንደሩ ተነቅሎ ወደ ከተማይቱ ጎረፈ፤ የካልካታ ጎዳናዎችም በሚያቃስቱና በሞቱ ሰዎች ተሞሉ። የማስታወቂያው ሠዓሊ ወደ ቢሮው ሲሄድ የሚያልፈው በዚህ መካከል ነበር። ይህ መከራ በእርሱ ፊልም ውስጥ ለመታየት 30 ዓመት ፈጅቶበታል፤ «የሩቅ ነጐድጓድ» የተባለው ስለዚያ ረኀብ የሚተርከው ፊልሙ የወጣው በ1973 ነው። ማየትና ያዩትን ለመናገር መብቃት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይህ ያስረዳል።

ሬይ ለራሱ የሰጠው የቤት ሥራ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ መልክ ያዘ። በሲኒማ አዳራሹ ጨለማ ውስጥ ማስታወሻ እየጻፈ፣ የታወቁ አዘጋጆች አንዱን ምስል ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያቀናብሩ መዘገበ። ከዚህም ባሻገር፣ አንድ የቤንጋሊ ልብ ወለድ በፊልም ሊሠራ መሆኑ በተነገረ ቁጥር መጽሐፉን አንብቦ የራሱን የፊልም ጽሑፍ ያዘጋጅ ነበር። ፊልሙ ሲወጣም ሄዶ የእርሱን ከእነርሱ ጋር ያነጻጽራል። ብልህ ከሰው ስሕተት ይማራል እንደሚባለው፣ ሬይ ከሰውም ከራሱም ስሕተት የሚማርበትን ዘዴ አበጀ። አስተማሪ የሌለው ተማሪ ራሱን የሚፈትነው በዚህ ዓይነት ነው።

ሕንድ ነፃነቷን ባገኘችበት በ1947፣ ሬይ ከቺዳናንዳ ዳስጉፕታና ከሌሎች ወዳጆቹ ጋር የካልካታን የፊልም ማኅበር መሠረተ። በማኅበሩ በመጀመሪያ የታየው ፊልም የሰርጌይ አይዘንስታይን «የጦር መርከብ ፖተምኪን» ነበር። አባላቱ ጥቂቶች፣ ገንዘቡም አነስተኛ ነበር። ስለ ፊልም መወያየት ለጨዋ ሰው የማይገባ ነገር ተደርጎ ይቆጠር ስለ ነበረም መሰብሰቢያ ቤት እንኳ በቀላሉ አያገኙም ነበር። በተከታዩ ዓመት ሬይ በአንድ ጋዜጣ ላይ ባወጣው ጽሑፍ የሕንድ ፊልም ጉድለት የት ላይ እንደሆነ ጠየቀ። የፊልም ጥሬ ዕቃ ሕይወት ራሱ ነው፤ ይህን ያህል ሥዕል፣ ሙዚቃና ግጥም ያፈለቀች አገር ለፊልም ሠሪው ብቻ ድምፅዋን ልትነፍገው አትችልም፤ የጎደለው ዓይንና ጆሮን መክፈት ነው የሚል ነበር የሐሳቡ ፍሬ ነገር።

በ1949 ታላቁ የፈረንሳይ አዘጋጅ ዣን ረኗር «ወንዙ» የተባለውን ፊልሙን ለመሥራት ቦታ ሊመርጥ ካልካታ መጣ። ሬይ በየገጠሩ አብሮት እየዞረ መንገድ መራው። ነገር ግን በእውነት መሪው ማን ነበር? ረኗር ሌሎች በማያስተውሉት የሙዝ ተክል፣ በመንደር ኩሬና በዳስ ጎጆ ፊት እየቆመ ይደነቅ ነበር። ሬይም በውስጡ ሲጉላላ የቆየውን ሐሳብ ገለጸለት፤ ይኸውም የቢቡቲቡሻን ባንዲዮፓዳይን «ፓተር ፓንቻሊ» የተባለ ልብ ወለድ በፊልም የመሥራት ሐሳብ ነበር። ይህን ስለ ድኃ የገጠር ቤተሰብ የሚተርክ መጽሐፍ የሚያውቀው ለሕፃናት አጥሮ ለወጣው እትም ሥዕሎቹን ራሱ ስለ ሠራ ነው። ረኗርም አበረታታው።

በ1950 የማስታወቂያ ድርጅቱ ለሥራ ወደ ለንደን ላከው። ሬይ ከባለቤቱ ከቢጆያ ጋር 16 ቀን በመርከብ ተጉዞ ደረሰ። ቀን በቢሮ ይሠራል፤ ሲመሽ ሲኒማ ይገባል። በለንደን በቆየባቸው ጥቂት ወራት ውስጥ 99 ያህል ፊልሞችን አየ። ይህም በአማካይ በየሁለት ቀኑ ከአንድ የማያንስ መሆኑ ነው። በካልካታ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቃቸውን ሥራዎች በዓይኑ ተመለከተ። ከእነዚህም ውስጥ በ1939 የተሠራው የረኗር «የጨዋታው ሕግ» ይገኝበታል።

ይሁን እንጂ የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው ገና ለንደን እንደ ደረሰ፣ ሦስት ቀን ሳይሞላው ያየው የቪቶሪዮ ደ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። በ1948 የወጣው ይህ የኢጣሊያ ፊልም ታሪኩ እጅግ ቀላል ነው። አንድ ሥራ አጥ ከብዙ ጊዜ በኋላ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ብስክሌት በመጀመሪያው ቀን ይሰረቅበታል፤ ከትንሽ ልጁ ጋር ሮማን እያካለለ ይፈልጋል። ሌላ ምንም የለም። የአባትዬውን ቦታ የያዘው የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም። ሥዕሉም የተነሣው በእውነተኛ ጎዳና ላይ ነው። ሬይ ከአዳራሹ የወጣው ውሳኔውን ይዞ ነበር፦ «ፓተር ፓንቻሊ» በዚህ ዓይነት፣ ከስቱዲዮ ውጪና በአዳዲስ ሰዎች ይሠራል። ወደ አገሩ ሲመለስም በመርከቡ ላይ የፊልሙን ንድፍ ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሬይ ከሮማ የወሰደው የሮማን ግድግዳ፣ የሮማን ብስክሌት አይደለም። የወሰደው ድፍረትን ነው። ድኃ ሰው ያለ ጌጥና ያለ ጩኸት፣ በዕለት ኑሮው ውስጥ ቢታይ ለታላቅ ጥበብ የሚበቃ መሆኑን የሌላ አገር ሰው ሠርቶ አሳየው። የባዕድ ሥራ ሁለት ዓይነት ውጤት ሊኖረው ይችላል፤ ወይ የራስን አገር ያስረሳል፣ ወይ የራስን አገር ያሳያል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ደግሞ የተመልካቹ ጥያቄ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና በአዳራሽ ውስጥ የሚታለፍ አልነበረም። ሬይ ሙሉ የፊልም ጽሑፍ ሳይሆን ትዕይንቶቹን በሥዕል የነደፈበትን ደብተር ይዞ የባለ ገንዘቦችን ደጅ ጠና፤ የሚሰማው አላገኘም። ዘፈን የሌለው፣ ዝነኛ ተዋናይ የሌለበት፣ በዝናብ ውስጥ የሚነሣ ፊልም ማን ያየዋል አሉት። የካሜራ ባለሙያው ሱብራታ ሚትራ የ21 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ የፊልም ካሜራ ከዚያ በፊት አንቀሳቅሶ አያውቅም ነበር። ሬይ የሕይወት ዋስትናውን አስይዞ፣ የሙዚቃ ሸክላዎቹን ሸጦ፣ የባለቤቱንም ጌጥ በመያዣነት ሰጥቶ ጀመረ። ሥራውን ስላልለቀቀ መጀመሪያ ላይ የሚሠራው በዕረፍት ቀኑ ብቻ ነበር።

በጥቅምት 1952 የመጀመሪያው ትዕይንት ተነሣ። ሕፃኑ አፑና እኅቱ ዱርጋ በነጭ የሣር አበባ በተሸፈነ ሜዳ ላይ ባቡር ሊያዩ ይሄዳሉ። ሬይ አፑ እኅቱን እየፈለገ ሲራመድ ለማንሣት ፈልጎ ልጁን «ሂድ» ቢለው፣ ልጁ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ተራመደ። ያን ሁሉ ፊልም ያየው ሰው አንድ ሕፃን በሜዳ ላይ እንዴት እንደሚራመድ ገና አላወቀም ነበር። በኋላ በመንገዱ ላይ ጥቃቅን እንቅፋቶችን አኑሮ፣ ረዳቶቹም ከሣሩ ውስጥ በግራና በቀኝ እንዲጠሩት አድርጎ ልጁ እየተሰናከለና እየተገላመጠ እንዲሄድ አደረገው። በሚቀጥለው ሳምንት ትዕይንቱን ለመጨረስ ሲመለሱ ግን አበባው የለም፤ ከብቶች ግጠውት ነበር። አበባው እንደገና እስኪያብብ አንድ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ። ከ99ኙ ፊልሞች አንዱም ይህን አላስተማረውም። ገጠሩ ራሱ አስተማረው።

ገንዘብ ሲያልቅ ሥራው ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ወጪውን ለመሸፈን ተስማማ። የፊልሙ ስም መንገድን የሚያነሣ ስለሆነ ገንዘቡ በመንገድ ሥራ ስም መመዝገቡ እስከ ዛሬ በፈገግታ ይወራል። ሬይ ካለፈ በኋላ ሲያስበው ሦስት ነገሮችን እንደ ተአምር ይቆጥራቸው ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የአፑ ድምፅ አለመጎርነኑን፣ ዱርጋ አለማደጓን፣ 80 ዓመት ገደማ የሆናት ባልቴቷ ተዋናይ ቹኒባላ ዴቪም በሕይወት መቆየቷን። ራቪ ሻንካር ሙዚቃውን በአንድ ሌሊት ሠራ። ፊልሙ በነሐሴ 1955 በካልካታ ታየ። በመጀመሪያው ሳምንት ሕዝቡ ቢያመነታም ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ተላልፎ አዳራሹ ሞላ። በ1956 በካን የፊልም ፌስቲቫል የሰው ልጅን ሕይወት በመግለጽ የላቀ በመሆኑ ልዩ ሽልማት ተሰጠው። ተከታዩ «አፓራጂቶ» ደግሞ በ1957 በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ተሸለመ።

ወቀሳ አልቀረለትም። የአገሩን ድህነት ለውጭ ተመልካች ይሸጣል ያሉት ነበሩ። ነገር ግን «ፓተር ፓንቻሊ»ን በጥሞና ያየ ሰው በውስጡ የሚያገኘው ለምጽዋት የተዘረጋ እጅ ሳይሆን፣ በድህነት ውስጥ የሚስቅ፣ የሚሰርቅ፣ የሚቀና፣ የሚያፈቅር ሙሉ ሰው ነው። ሬይ በ1992 እስኪሞት ድረስ ከ30 በላይ ፊልሞችን ሲሠራ የአብዛኞቹ ቋንቋ ቤንጋሊ፣ አገራቸውም ቤንጋል ነበር። የዓለምን ፊልም ያን ያህል ያየ ሰው ከአገሩ አፈር አለመራቁ ለወቀሳው በቂ መልስ ይመስላል።

እንግዲህ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይደለም። 99 ፊልም አይቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አለ፤ አንዱን አይቶ ሕይወቱን የሚለውጥም አለ። ሬይ ለራሱ የሰጠው የቤት ሥራ ፍሬ ያፈራው እርሳስ ይዞ ስላየ፣ ያየውን ከራሱ ሙከራ ጋር ስላነጻጸረና በመጨረሻ ዓይኑን ከአዳራሹ ጨለማ አውጥቶ ወደ ሜዳው ብርሃን ስለ መለሰ ነው። በለንደን ያያቸው ፊልሞች መቶ ሊሞሉ አንድ ቀርቷቸው ነበር። መቶኛው በየትኛውም ሲኒማ ቤት የሚታይ አልነበረም፤ ከብቶች አበባውን በበሉበት ሜዳ ላይ ራሱ መሥራት ነበረበት።