ጓዝ ወይስ ሸቀጥ? ከለገሃር እስከ ፓርክ ስቴሽን

ስለ አፍሪካ ባቡር ብዙ ተጽፏል። ውሉን ማን ፈረመ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ሐዲዱ በየትኛው ዓመት የት ደረሰ፣ የትኛው መንግሥት በየትኛው ላይ ሴራ ሸረበ፣ ይህ ሁሉ በየመጻሕፍቱ ሰፍሯል። ሆኖም በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ የተቀመጠው መንገደኛ በጭኑ ላይ፣ ከእግሩ ሥርና ከራሱ በላይ ምን ይዞ እንደነበር የጻፈልን እምብዛም የለም። ጥያቄው ተራ ይመስላል። ይህ ጸሐፊ ግን በሙያው መሐንዲስ እንደመሆኑና መናኸሪያ በበዛበት በጆሃንስበርግ ከተማ እንደመኖሩ፣ ባቡር ማንን ለማገልገል እንደተሠራ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ስለ መንገደኛው ጓዝ የወጣው ደንብ ነው ብሎ ያምናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከለንደን ይጀምራል

በ1844 የእንግሊዝ ፓርላማ አንድ የባቡር ሕግ አወጣ። የሕጉ ዋና ጠንሳሽ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ግላድስቶን ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ድሃው መንገደኛ ጣራ በሌለው ፉርጎ እንደ ከብት ይጫን ነበር። ሕጉ ኩባንያዎቹ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ጣራ ያለው የሦስተኛ ማዕረግ ባቡር እንዲያንቀሳቅሱ፣ ዋጋውም ለአንድ ማይል ከአንድ ፔኒ እንዳይበልጥ አዘዘ። ስለ ጓዝም አንድ አንቀጽ ጨመረ። እያንዳንዱ መንገደኛ 56 ፓውንድ፣ ማለትም 25 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን የያዘው ነገር ሸቀጥ መሆን የለበትም።

ውድ አንባቢ፣ ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ልብ ይሏል። 25 ኪሎው ዛሬም አልጠፋም። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የበረረ ሁሉ በሚዛን ፊት ቆሞ በርበሬና ሽሮ ከአንዱ ሻንጣ ወደ ሌላው ያዘዋወረባት 23 ኪሎ ግራም የዚያችው ቁጥር የቅርብ ዘመድ ናት። የአሜሪካው አምትራክም ወደ ፉርጎው ለሚገባ ለእያንዳንዱ የእጅ ሻንጣ የፈቀደው 50 ፓውንድ፣ ማለትም ይኸው 23 ኪሎ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያለው ግን በጓዝና በሸቀጥ መካከል የተሰመረው መስመር ነው። ጓዝ ማለት ለራስ የሚሆን ነው፤ ሸቀጥ ማለት የሚሸጥ ነው። መንገደኛ ከሆንክ አትነግድ፤ ነጋዴ ከሆንክ የጭነት ታሪፍ ክፈል ማለት ነው።

ክብደት ወይስ ቦታ?

ብዙ ሰው የኪሎ ገደቡ ለደኅንነት የወጣ ይመስለዋል። ለአይሮፕላን እውነት ነው፤ እያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ ይበላል። ለባቡር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። 64 መቀመጫ ያለው አንድ ፉርጎ እናስብ። ሁሉም መንገደኛ 25 ኪሎ ቢይዝ ጠቅላላው 1.6 ቶን ነው። ፉርጎው ራሱ በብዙ አሥር ቶን የሚመዘን ነውና ሎኮሞቲቩ ልዩነቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

የሚቸግረው ቦታው ነው። እያንዳንዱ መንገደኛ አምትራክ የሚፈቅደውን መጠን ያላቸው (71 በ56 በ36 ሴንቲ ሜትር) ሁለት ሻንጣዎች ቢይዝ 128 ሻንጣ፣ በድምሩ 18 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። በ20 ሜትር ፉርጎ በግራና በቀኝ፣ ከመቀመጫው በላይ፣ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው መደርደሪያ ቢዘረጋና ዕቃው በ35 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢደረደር የሚገኘው 7 ሜትር ኩብ ነው። የቀረው 11 ሜትር ኩብ ወዴት ይሄዳል? ወደ መተላለፊያው፣ ወደ በሩ፣ ወደ ሰው ጭን። ለደኅንነት የሚያሰጋውም ይኸው ነው፤ እሳት ሲነሳ ሰው የሚወጣበት መተላለፊያ በማዳበሪያ ተዘግቶ ይገኛል።

እንግዲህ የሚቸግረው ቦታ ከሆነ፣ ደንቡ ለምን በኪሎ ተጻፈ? የቦታ መፍትሔ አንድ የጓዝ ፉርጎ መቀጠል ነው፤ ወጪውም ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ኪሎው ግን ሌላ ሥራ አለው። ኩባንያው በጭነት ታሪፍ የሚያገኘውን ገቢ ከሦስተኛ ማዕረጉ መንገደኛ ከረጢት ይጠብቅለታል። ለዚህም ነው ፈቃዱ ከማዕረግ ጋር የሚያድገው። በሕንድ ባቡር የመጀመሪያ ማዕረግ መንገደኛ 70 ኪሎ በነፃ ሲፈቀድለት የሁለተኛ ማዕረጉ 35 ኪሎ ብቻ ነው። ሠራተኛው ሄዶ የሚገዛለት ሰው እጥፍ ይይዛል፤ ሁሉን በራሱ ጀርባ የሚያመላልሰው ግማሹን።

ሰው በሸቀጥ የተለወጠባት ከተማ

ጆሃንስበርግ ወርቅ የወለዳት፣ ባቡር ያሳደጋት ከተማ ናት። ወርቁ በ1886 ተገኘ። የኬፕ ታውን ሐዲድ በ1892 ደረሰ፤ በ1890ዎቹ አጋማሽም የሎሬንሶ ማርኬስ (የዛሬዋ ማፑቶ) እና የደርባን መስመሮች ተከተሉ።

ከደርባኑ መስመር ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። በሰኔ 1893 ወጣቱ ጠበቃ ጋንዲ በፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ ከአንደኛ ማዕረግ ተገፍቶ ወረደ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን የጓዙ ነገር ነው። ጋንዲ እንዲሄድ የታዘዘው “ቫን” ወደሚባለው ክፍል ነበር። በእንግሊዞች የባቡር ቋንቋ ቫን ጓዝ የሚጫንበት ፉርጎ ነው። እምቢ ሲል እሱም ሻንጣውም ወረዱ። በእጁ የቀረችው ትንሽ የእጅ ሻንጣ ብቻ ነበረች፤ ሌላውን ጓዝ የባቡር ሠራተኞች ወሰዱት። የብርዱ መከላከያ ካፖርቱ በዚያ ውስጥ ነበር። ዳግመኛ እንዳይሰደብ ፈርቶ ሳይጠይቅ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ እንዳደረ ራሱ በግለ ታሪኩ ጽፎታል። ጓዙ በማን እጅ እንዳለ የሚወስነው ሥልጣን በሰውየው ላይም ሥልጣን ነበረው።

ከጋንዲ በኋላ የመጡት ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። የማዕድን ኩባንያዎቹ መልማይ ድርጅት፣ በሠራተኞቹ አንደበት “ዌኔላ”፣ ሞዛምቢካውያንን በሌሊት ባቡር እየጫነ ወደ ጆሃንስበርግ ያመጣ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ቻርልስ ቫን ኦንሴለን በ2019 አንድ ሙሉ መጽሐፍ ለእነዚህ ባቡሮች ሰጥተዋቸዋል። በ1909 ትራንስቫልና ፖርቱጋል የተፈራረሙት ስምምነት ደግሞ የነገሩን ባሕርይ ገልጦ ያሳያል። ፖርቱጋል የሠራተኛ ምልመላ ስትፈቅድ፣ በምላሹ ወደ ጆሃንስበርግና አካባቢው በባሕር ከሚገባው ዕቃ ከ50 እስከ 55 በመቶው በሎሬንሶ ማርኬስ ወደብና ሐዲድ እንዲያልፍ ተረጋገጠላት። በቀጥታ ሲነገር፣ ሰው በሸቀጥ ተለወጠ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የ1928ቱ ስምምነት ከማዕድን ሠራተኛው ደመወዝ ከፊሉ በጆሃንስበርግ ሳይሆን ወደ አገሩ ሲመለስ እንዲከፈለው ደነገገ። ገንዘቡ እዚያ ይከፈል፣ እዚያ ይገዛበት፣ እዚያ ይገበርበት ማለት ነው። ሁለት መንግሥታት የአንድ ቆፋሪ ሳጥን ከየትኛው ከተማ ሱቅ እንደሚሞላ ተደራደሩ! ስለዚህ የመንገደኛ ጓዝ ተራ ጉዳይ ነው የሚል ካለ ይህን ሰነድ ይመልከት።

ለገሃርና ድሬዳዋ

ወደ አገራችን እንመለስ። ለአልፍሬድ ኢልግ የተሰጠው የ1894ቱ ውል፣ የ1897ቱ ሥራ ጅማሬ፣ በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ የዛሬዋ ድሬዳዋ ካለችበት ቦታ መድረሱ፣ የኩባንያው መክሰርና በ1917 አዲስ አበባ መግባቱ የታወቀ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ ሐዲድ በወረቀት ላይ የቡና፣ የቆዳና የጨው መንገድ ነበር። በተግባር ግን የሌላም ነገር መንገድ ሆነ።

በዚያ መስመር የተጓዘ ሰው የሚያስታውሰው ሁለት ወገን ነው። በአንድ በኩል ልብስ፣ ሽቶ፣ ሲጋራና ሬዲዮ በከረጢት፣ በመቀመጫ ሥርና በሰውነታቸው ላይ ደራርበው የሚጓዙ ነጋዴዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፤ በሌላ በኩል የሚፈትሹት ፊናንሶች። ሕጉ ለአንዷ ተሳፋሪ አንድ ቀሚስ ጓዝ ነው፣ አሥር ቀሚስ ሸቀጥ ነው ይላታል። ታዲያ አሥሩን በአሥር ሰው አከፋፍላ ብትይዝስ? አሥሩንም ብትለብሳቸውስ? መንግሥት ይህን ኮንትሮባንድ አለው፤ ቀረጡን የመሰብሰብ መብቱንም አልክድም። ነገር ግን ድሬዳዋ ውስጥ “ታይዋን” የሚባል የታወቀ ገበያ የበቀለው፣ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ያስተማረው፣ የባቡሩ ደንብ መንገደኛ አድርጎ ሊቆጥራቸው፣ ነጋዴ አድርጎም ሊያስተናግዳቸው ባልፈለገ ሰዎች ጉልበት ነው።

አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን በ2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲያቆም ጓዙ አብሮ አልቆመም። ወደ አውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ወጣ። (ቃሉ ከጣልያንኛው “ፖርታባጋሊ” የመጣ ነው፤ ዕቃ ተሸካሚ ማለት ነው።) ባቡሩ ያልሰጠውን ቦታ አውቶቡሱ በጣራው ላይ ሰጠ።

አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መስመር በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ሲጀምር፣ የመንገደኛ ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ መሀል ወጥተው ነበር። የአዲስ አበባው ጣቢያ ለቡ አካባቢ እንጂ ለገሃር አይደለም፤ የድሬዳዋውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ለመሐንዲሱ ምክንያት አለው፤ ለረጅም የጭነት ባቡር ሰፊና ሜዳ መሬት ያስፈልጋል። ሁለት ማዳበሪያ ለያዘች ሴት ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ተሸካሚ፣ ሌላ ክርክር ነው። በዚህ መንገድ የጓዝ ገደብ በደንብ ላይ ሳይጻፍ በካርታ ላይ ይጻፋል።

ከታዛራ እስከ ጄፒ

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል የታንዛኒያና የዛምቢያን የጋራ ባቡር፣ ታዛራን እንመልከት። በቻይና እርዳታ ተሠርቶ በ1970ዎቹ አጋማሽ ያለቀው ይህ 1,860 ኪሎ ሜትር ሐዲድ የታቀደው የዛምቢያ መዳብ በነጮች በሚገዙት በሮዴዢያና በደቡብ አፍሪካ ሳያልፍ ወደ ባሕር እንዲደርስ ነበር። የታሪክ ምሁሯ ጄሚ ሞንሰን በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ ግን በየትናንሽ ጣቢያው የተቆረጡ የጥቅል ዕቃ ደረሰኞችን አገላብጠው ሌላ ታሪክ አገኙ። በየጣቢያው የሚቆመው ዘገምተኛ ባቡር የሩዝና የሙዝ ነጋዴዎች ባቡር ሆኖ ነበር። ዕቃቸው ተመዝኖ፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት፣ በጓዝ ፉርጎ ይሄዳል። በመሪዎች ንግግር ያልነበረ ኢኮኖሚ በደረሰኝ ላይ ተገኘ።

አሁን ወደ ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ። ከፓርክ ስቴሽን በእግር ቅርብ በሆነው በጄፒ መንገድ (ዛሬ ራሂማ ሙሳ በሚባለው) አካባቢ፣ ቀድሞ የሐኪሞች ቢሮ በነበረው ሜዲካል አርትስ ሕንፃና በዙሪያው፣ ወገኖቻችን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ክፍሎቹን እየሸነሸኑ ገበያ አቁመዋል። ደንበኞቻቸው ከዚምባብዌ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከማላዊና ከዛምቢያ የሚመጡ ችርቻሪዎች፣ በብዛትም ሴቶች ናቸው። እዚያ የሚሸጠው ብርድ ልብስና ጫማ የሚታጠፈውና የሚታሰረው በአውቶቡስና በሚኒባስ ታክሲ ለመጫን እንዲመች ነው። ማለትም የንግዳችን መጠን የተወሰነው በመናኸሪያው ነው።

እነዚህ ደንበኞች ለምን በባቡር አይሄዱም? ደቡብ አፍሪካ የታክሲ ገበያውን በ1980ዎቹ መጨረሻ ስትለቅ፣ የረጅም መንገድ ሚኒባሶች ከኋላቸው ትንሽ ተሳቢ መጎተት ለመዱ። ያቺ ተሳቢ የጓዝ ፉርጎ ማለት ናት። ሾሾሎዛ ሜይል የተባለው የረጅም ርቀት ባቡር በበኩሉ እየተዳከመ ሄዶ በ2020 በኮቪድ ምክንያት ቆመ፤ በኋላ የተመለሰው ጥቂቱ ነው። ለባቡሩ መዳከም የሽቦ ስርቆቱና የአስተዳደር ጉድለቱ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ጓዝ የበዛበትን መንገደኛ ከበር እስከ በር ያገለገለው ግን ተሳቢው መሆኑ አይካድም። ጋውትሬንን ብንመለከት፣ በ2010 ወደ አይሮፕላን ማረፊያው ሲከፈት በዚያ መስመር ላይ የሻንጣ ቦታ ተዘጋጅቶለታል። ሻንጣ ያለው መንገደኛ ታስቦበታል፤ ማዳበሪያ ያለው ግን አልታሰበበትም።

በስደት ለምንኖር ደግሞ ጓዝ ሌላ ትርጉም አለው። በምዕራብ አፍሪካ ያ ባለመስመር ትልቁ የላስቲክ ሻንጣ “ጋና መስት ጎ”፣ ጋናውያን ይውጡ፣ ይባላል፤ ናይጄሪያ በ1983 ጋናውያንን ስታባርር ንብረታቸውን የጫኑበት በመሆኑ። በግንቦት 2008 በዚህ አገር በስደተኞች ላይ ጥቃት ተነስቶ ከ60 በላይ ሰዎች ሲገደሉ፣ ያው ዓይነት ሻንጣ በየመናኸሪያው ተከምሮ ታየ። ትናንት ሸቀጥ የነበረው በአንድ ሌሊት ጓዝ ሆነ። በአገራችን “ጓዜን ማቄን ሳይሉ” መነሳት የቆራጥነት ምልክት ነው፤ ለስደተኛ ግን ብዙ ጊዜ ምርጫ አይደለም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

በጓዝና በሸቀጥ መካከል ያለው መስመር በኩባንያና በጉምሩክ ቢሮ የተሰመረ እንጂ የተፈጥሮ አይደለም። አብዛኛው የአፍሪካ መንገደኛ በመስመሩ ላይ የቆመ ነው፤ ዘመድ ይጠይቃል፣ በመንገዱም ይነግዳል። ለዚህ ሰው የሚሠራ ባቡር ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የመንገደኛ ባቡር ላይ በከረጢት ልክ የሚከፈልበት፣ ደረሰኝ ያለው የጓዝ ፉርጎ። ያን ጊዜ መተላለፊያው ነፃ ይሆናል፤ ገቢውም በየመንገዱ ለጉቦ ከመዋል ይድናል። ሁለተኛ፣ ለአነስተኛ ነጋዴ የሚስማማ፣ አስቀድሞ የታወቀ ቀላል ቀረጥ። ሦስተኛ፣ ከጣቢያው እስከ ገበያው የሚያደርስ መጓጓዣ በዕቅዱ ውስጥ እንዲገባ።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋውን ሐዲድ ሳስብ የመጨረሻው ጣቢያ ስም ራሱ ጥያቄ ይሆንብኛል። ገበያ የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ አለ። የወሎ ገበሬና ነጋዴ ምን ተሸክመው እንደሚሳፈሩ ዕቅዱ ሲወጣ የጠየቃቸው አለ? ስለ ቶን፣ ስለ ኪሎ ዋትና ስለ ብድር ወለድ የምንከራከር ምሁራን ስለ መደርደሪያው ስፋትም እንከራከር እላለሁ። ለማን እንደተሠራ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነውና። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይም በአሮጌው ባቡር የነገዳችሁ እናቶችና እህቶች ያሏችሁ፣ ሳይረሳ ጻፉት፤ ያ ታሪክ በማንም መዝገብ ውስጥ አልተቀመጠልንም።

ቸር ይግጠመን።

ጆሃንስበርግ፣ ደቡብ አፍሪካ