ከጉንዶው ማር እስከ ወጣቱ ቀፎ

በአገራችን ታሪክ ውስጥ ንብ ያልገባችበት ክፍል ጥቂት ነው። ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡት፥ እናቱም ይህን አይታ ንቦች ንግሥናውን ዐወቁ ስትል ስም እንዳወጣችለት ይተረካል። የቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ከሰም ይሠራል፤ አንጥረኛውም መስቀሉን የሚያወጣው አስቀድሞ በሰም ቀርጾ ነው፤ ባለ ቅኔውም ምስጢሩን ሰምና ወርቅ ብሎ የሰየመው ከዚሁ ከአንጥረኛው ሥራ ወስዶ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ማሩ ብዙ ሲነገር ስለ ማሩ ባለቤት የተነገረው ጥቂት ነው። ዛሬ ልናነሣ ያሰብነው ይኸንኑ የተረሳ ሰውና ልጁን ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ማር በየስፍራው እንደሚገኝ፥ ቀፎውም ገበሬው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ እንደሚቀመጥ ጽፏል። ገበሬና ንብ በአንድ ጣራ ሥር ይኖሩ ነበር ማለት ነው። በከፋና በሸካ ደን ግን ልማዱ ሌላ ነው፤ ቀፎው በረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ደኑም ኮቦ በሚባል ሥርዐት ተከፋፍሎ ለየባለ ቀፎው የታወቀ ነው። ባለ ኮቦው ዛፉን ቢቈርጥ ማሩን ስለሚያጣ ደኑን ሲጠብቅ ኖሯል።

ማሩ ግን ከአናቢው ቤት ብዙ አይቈይም ነበር። ማር ከገበሬው ከሚጠየቀው ግብር አንዱ በመሆኑ በጉንዶ እየተሰፈረ ወደ ገዢው ግቢ ይሄድ ነበር። ዛፍ የወጣውና በንብ የተነደፈው ሰው ከድካሙ የሚቀርለት ትንሽ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲወጣ የባለ ርስቱ ግብር ቀረ። ነገር ግን መሬት በየትውልዱ እየተከፋፈለ ሲሄድ ዛሬ ብዙ የገጠር ወጣት ከአባቱ የሚካፈለው እርሻ አጥቶ ወደ ከተማ ይፈልሳል።

ንብ እርባታ ለዚህ ወጣት የሚጠቅመው ሰፊ መሬት የማይጠይቅ በመሆኑ ነው። አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1852 የባለ ፍሬም ቀፎ የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ የማሩ እንጀራ ሳይፈርስ ማሩን ማውጣት ተችሏል፤ ንቦችም እንጀራውን እንደ ገና ለመሥራት አይደክሙም። በአገራችንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1965 ጀምሮ በሆለታ የተቋቋመው ጣቢያ ይህን ዕውቀት ሲያጠናና ሲያስተምር ቈይቷል። በባህላዊ ቀፎ በዓመት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ሲገኝ በደንብ የተያዘ ዘመናዊ ቀፎ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሊሰጥ ይችላል። ከዚህም በላይ ቀፎው በግቢ ውስጥ ስለሚቀመጥ ዛፍ መውጣት ለወንድ ብቻ የተተወበት ሥራ ለሴት ልጅም ተከፍቷል።

ሆኖም ሣጥን ብቻውን ማር አይሰጥም። ለሥራ ጉዳይ ወደ ገጠር በወረድን ጊዜ ሦስት ዘመናዊ ቀፎ የተሰጠውን ወጣት አገኘን። ሁለቱ ባዶ ነበሩ፤ በአንዱም እናቱ ሽንብራ አኑራበታለች። በዚያው ግቢ ግን አባቱ በጭቃ የለቀለቋቸው አምስት ቀፎዎች በንብ ተሞልተው ነበር። ብንጠይቃቸው፥ «ልጄ ቀፎውን በወይራ ሳያጥን ንብ ጠበቀ፤ ጎረቤትም በጠዋት የአረም መድኃኒት ይረጫል፤ ንቧ አበባ ላይ ሳለች ማለት ነው፤ ማን ጠየቀኝ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ልጁ የአባቱን ዕውቀት ያረጀ መስሎት አልጠየቀም፤ እኛም ከመሥሪያ ቤት የሄድነው ቀፎ ቈጥረን ተመለስን እንጂ ሽማግሌውን አልጠየቅንም።

ስለዚህ ሹም የሆነ ሰው ቀፎውን ሲያድል ትምህርቱንም ያስከትል፤ መምህሩም ተማሪውን ወደ አባቱ ቀፎ ይላከው፤ መድኃኒት የሚረጨውም ገበሬ ንብ ወደ ቤቷ ስትገባ በምሽት ይርጭ። ዋጋውም ይታሰብ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2008 ጀምሮ የአገራችን ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዲገባ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን ትርፉ በመንገድ ላይ ለደላላ ቀርቶ ለአናቢው ጥቂት ብቻ ከደረሰው ጉንዶው ስሙን ለወጠ እንጂ አልቀረም። ወጣቱ በመንደሩ የሚቀመጠው የቈረጠው ማር የራሱ መሆኑን ሲያይ ነው።