ኤርብረሽ ለጥቃቅን የሞዴል ቅብ

ኤርብረሽ ቀለምን በታመቀ አየር ኃይል ጉም ወደሚመስሉ ደቃቅ ጠብታዎች በትኖ የሚረጭ፣ እንደ እስክሪብቶ በጣት የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። በአሠራሩ የመኪና ቀለም ቀቢዎች ከሚገለገሉበት የቀለም መርጫ ጋር ይመሳሰላል፤ የሚለየው በመጠኑና በሚያወጣው መስመር ቅጥነት ነው። ለሥዕል፣ ለኬክ ማስዋቢያ፣ ለጥፍር ቅብ እንዲሁም የአውሮፕላን፣ የታንክ፣ የመኪናና የሕንፃ ሞዴሎችን ለመቀባት ያገለግላል።

ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ ኤርብረሾች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ተሠሩ። ዛሬ የሚታወቀውን፣ አየርና ቀለም በመሣሪያው ውስጥ የሚቀላቀሉበትን ዓይነት ቻርልስ በርዲክ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አስተዋወቀ። መሣሪያው በመጀመሪያ በብዛት ይሠራበት የነበረው ፎቶግራፍን ለማደስና ለማሳመር ነበር። ከታወቁት አምራቾች መካከል የአሜሪካው ፓሽ በ1904፣ የጀርመኑ ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ በ1923፣ የጃፓኑ ኢዋታ በ1926፣ የአሜሪካው ባጀር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመሠረቱ።

ክፍሎችና አሠራር

የኤርብረሽ ዋና ክፍሎች መርፌ፣ አፈሙዝ፣ ቃታ፣ የቀለም ኩባያና የአየር ቫልቭ ናቸው። መርፌው በአፈሙዙ ውስጥ ተሰክቶ ቀለሙን ይዘጋል። ቃታው ወደ ታች ሲጫን አየር ይወጣል፤ ወደ ኋላ ሲሳብ መርፌው ይሸሽና ቀለም ይከተላል። አየርንና ቀለምን በዚህ መንገድ ለየብቻ መቆጣጠር የሚያስችለው ዓይነት ባለ ሁለት ተግባር ይባላል። ቃታው አየሩን ብቻ የሚከፍትበት፣ የቀለሙ መጠን ግን አስቀድሞ በብሎን የሚወሰንበት ደግሞ ባለ አንድ ተግባር ነው። ለጥቃቅን ሥራ የሚመረጠው ባለ ሁለት ተግባርና ኩባያው ከላይ የሆነው ነው፤ ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ በዝቅተኛ የአየር ግፊት መሥራት ይቻላል።

ቀጭን መስመር የሚያስፈልግበት ምክንያት

ሞዴል የእውነተኛው ዕቃ ቅናሽ መጠን በመሆኑ በላዩ ያለው ቅብም በዚያው ልክ መቀነስ አለበት። ለምሳሌ በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት የኢትዮጵያ አየር ኃይል ይጠቀምበት የነበረው ኤፍ-5ኢ ተዋጊ አውሮፕላን 14.45 ሜትር ይረዝማል። በ1/72 ሲሠራ ወደ 20 ሴንቲሜትር ይወርዳል። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ሁለት የመሸሸጊያ ቀለሞች የሚዋሃዱበት ጠርዝ 5 ሴንቲሜትር ቢሰፋ በሞዴሉ ላይ 0.7 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ያው ጠርዝ በ1/35 ለሚሠራ ታንክ 1.4 ሚሊሜትር፣ በ1/144 ለሚሠራ አውሮፕላን 0.35 ሚሊሜትር ነው። 56.7 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787-8 በ1/144 ወደ 39 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ ይሁንና አካሉን በሙሉ ነጭ ለመቀባት ሰፊ አፈሙዝ ይሻላል። ስለዚህ የመሣሪያው ምርጫ የሚወሰነው በሞዴሉ ርዝመት ሳይሆን በላዩ በሚሣለው ነገር ጥቃቅንነት ነው።

የአፈሙዝ መጠንና ንጽጽር

የአፈሙዝ ስፋት በሚሊሜትር ይለካል።

0.15–0.2፦ ለፀጉር መሰል መስመር፣ ለፊት ገጽታና ለጥላ። በደንብ የቀጠነ ቀለም ይፈልጋል፤ ቶሎም ይደፈናል።
0.3–0.35፦ ለአብዛኛው የሞዴል ሥራ። ለመሠረት ቅብም ለመካከለኛ ዝርዝርም ይሆናል።
0.4–0.5፦ ለመሠረት ቅብ፣ ለቫርኒሽና ብረት መሰል ብናኝ ላለባቸው ቀለሞች።

ከታወቁት የጥቃቅን ሥራ መሣሪያዎች መካከል የኢዋታ ከስተም ማይክሮን ሲኤም-ኤስቢ 0.18፣ የዚያው አምራች ኤችፒ-ቢ ፕላስ 0.2፣ የጃፓኑ ጂኤስአይ ክሪዮስ ፒኤስ-771 0.18፣ የታሚያ ኤችጂ ሱፐርፋይን 0.2 ሚሊሜትር አፈሙዝ አላቸው። ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ ኢንፊኒቲን ሁለት አፈሙዞች ይዞ በሚመጣ ስብስብም ይሸጣል፤ ሠሪው በአንድ መሣሪያ ሰፊውንም ቀጭኑንም ሥራ መሸፈን ይችላል።

አምራቾቹ አፈሙዙን በሚይዙበት መንገድም ይለያያሉ። በኢንፊኒቲና በኢዋታ ኢክሊፕስ አፈሙዙ ያለ ቁልፍ ከቦታው ይገባል፤ ለማጽዳትም ቀላል ነው። በኢዋታ ኤችፒ ፕላስ ዓይነቶች ግን አፈሙዙ በጣም ትንሽ ጥርስ ያለው ሆኖ በቁልፍ ይታሰራል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይሰበራል።

የተጻፈው ቁጥር ብቻውን ጥራትን አይገልጽም። የመርፌው ጫፍ ረጅምና ለስላሳ ሆኖ ከተሳለ፣ አፈሙዙም መሃሉን ጠብቆ ከተበሳ፣ ጥሩ ባለ 0.3 መሣሪያ ከደካማ ባለ 0.2 የተሻለ ቀጭን መስመር ያወጣል።

በመርካቶ ሲገዛ

መርካቶ ሸቀጥ በየተራው ተለይቶ የሚሸጥበት ገበያ ነው። ሶማሌ ተራ በመኪና መለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ዕቃን መልሶ ለሥራ በማዋል ይታወቃሉ። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዱባይ ተራም ስሙ ከዱባይ የሚገባውን ሸቀጥ ያስታውሳል። በዚህ መንገድ የሚመጣ መሣሪያ ሲገዛ ከአፈሙዙ መጠን በተጨማሪ የሚታዩ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ መስመር እንደ ኢትዮጵያው 50 ኸርዝ ሲሆን ቮልቴጁም ተቀራራቢ በመሆኑ ለዚያ አገር የተሠራ ኮምፕሬሰር እዚህ ይሠራል። መሰኪያው ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስለሆነ በኢትዮጵያ ከተለመደው ባለ ሁለት ክብ እግር ሶኬት ጋር አይገጥምም፤ ማስማሚያ ያስፈልገዋል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ባለ 110 ቮልት ኮምፕሬሰር ግን በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል።

ሁለተኛው የቱቦው ጥርስ ነው። አብዛኞቹ የጃፓን፣ የጀርመንና የቻይና ኤርብረሾች ባለ 1/8 ኢንች ጥርስ ሲጠቀሙ ባጀርና ፓሽ የየራሳቸው ጥርስ አላቸው፤ ከሌላ ቱቦ ጋር የሚገጥሙት በማያያዣ ብቻ ነው።

ሦስተኛው መለዋወጫ ነው። መርፌና አፈሙዝ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው። አንድ ጊዜ መሬት ላይ የወደቀ የ0.18 መርፌ ጫፉ ከታጠፈ መሣሪያው ሁሉ ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ምትክ ሊገኝለት የማይችል ውድ መሣሪያ፣ ምትክ ካለው መካከለኛ መሣሪያ ያነሰ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል።

ስም የሌላቸው ቅጂዎች ብዙ ጊዜ 0.2፣ 0.3 እና 0.5 መርፌዎችን ይዘው በአንድ ሣጥን ይሸጣሉ። ለመለማመጃ ይበቃሉ፤ ነገር ግን ጥራታቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚለያይ መፈተሽ ይገባል። መርፌው መስተዋት ላይ ሲንከባለል ጫፉ ከተወዛወዘ ታጥፏል። አፈሙዙ በብርሃን ሲታይ ጫፉ መሰንጠቅ የለበትም። ኩባያው ውስጥ ውኃ ተደርጎ አየር ሲለቀቅ ውኃው ከተንፈቀፈቀ አፈሙዙ አየር ያሳልፋል ማለት ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታና አየር

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል ያንሳል። ትንሽ ኮምፕሬሰር በአንድ ምት የሚስበው አየር ስስ በመሆኑ ታንኩን ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ታንክ ያለው ኮምፕሬሰር ይመረጣል፤ መብራት ሲጠፋም በታንኩ የቀረው አየር መሣሪያውን ለማጽዳት ይረዳል።

በበጋ ደረቅ አየር ውኃ ወለድ ቀለም በመርፌው ጫፍ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ይህ ችግር በ0.2 እና ከዚያ በታች ባሉ አፈሙዞች ይብሳል፤ የማድረቂያ ጊዜን የሚያዘገይ ፈሳሽ ጠብ በማድረግና ጫፉን ቶሎ ቶሎ በመጥረግ ይቀነሳል። በክረምት ደግሞ እርጥበት በታንኩና በቱቦው ውስጥ ውኃ ሆኖ ይጠራቀማል። የውኃ ማጥመጃ ካልተገጠመ ጠብታው ከቀለሙ ጋር ወጥቶ ቅቡን ያበላሻል።

የሥራ ግፊት

ለተለመደ ቅብ ከ15 እስከ 25 ፒኤስአይ (ከ1 እስከ 1.7 ባር ገደማ) ይበቃል። ለቀጭን መስመር ቀለሙ ይበልጥ ቀጥኖ ግፊቱ ወደ 10–15 ይወርዳል፤ መሣሪያውም ወደ ሞዴሉ ይጠጋል። ቀለሙ ሳይቀጥን ግፊቱ ብቻ ቢቀነስ ጠብታው ይሻክራል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰርም የግፊት መቆጣጠሪያ፣ የዘይትና የውኃ ማጣሪያ ከተገጠመለት ለዚህ ሥራ ያገለግላል።

ጥንቃቄ

የሚረጨው ጠብታ በጣም ደቃቅ በመሆኑ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከውኃ ወለድ ቀለም ጋርም ቢሆን የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ተራ የጨርቅ መሸፈኛ የቲነርን ትነት አያግድም፤ ለዚህ ካርቦን ማጣሪያ ያለው መሸፈኛ ያሻል። ቲነር በቀላሉ ስለሚቀጣጠል የከሰል ምድጃ፣ ሻማ ወይም ሌላ እሳት ባለበት ክፍል መርጨት አደገኛ ነው፤ መስኮት ተከፍቶ አየር መዘዋወር አለበት።