የበይነ መረብ የመንግሥት አገልግሎት ለምን ይመረጣል? ለምንስ ይተዋል?

ዜጋው ከመንግሥት ተቋም የሚፈልገውን ማስረጃ ወይም ፈቃድ ቢሮ ሳይሄድ በስልክ ወይም በኮምፒውተር የሚጨርስበት አሠራር የኤሌክትሮኒክ መንግሥት አገልግሎት ይባላል። በኢትዮጵያ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም ጸድቋል፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል፤ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ደግሞ ለዲጂታል መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። መሠረተ ልማቱና ሕጉ ስለተሟሉ ብቻ ግን ተጠቃሚው አይመጣም።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች አዲስ ቴክኖሎጂን የሚቀበሉት «ይጠቅመኛል»፣ «አይከብደኝም» ብለው ሲያምኑ መሆኑን አመላክተዋል። ማመልከቻውን በድረ ገጽ ሞልቶ ለማኅተም መልሶ ወደ ቢሮ የሚጠራ ባለጉዳይ ጥቅሙ አይታየውም። ደጅ ከመጥናት ያላዳነው አገልግሎት ለእርሱ ተጨማሪ ሥራ ነው። የመብራትና የኔትወርክ መቆራረጥ፣ የዘመናዊ ስልክ ዋጋም ይጨመሩበታል። ቴሌብር በ*127# በተራ ስልክ መሥራቱ ለገጠሩ ነዋሪ ትልቅ እፎይታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነሳው ጉዳይ የስልኩ ባለቤትነት ነው። የፋይዳ ባለመታወቂያ በበይነ መረብ ማንነቱን ሲያረጋግጥ የማረጋገጫ ቁጥሩ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚላከው በመረጃው ላይ ወደተመዘገበው ስልክ ነው። አንዲት እናት በባለቤቷ ወይም በልጇ ስልክ ተመዝግባ ከሆነ መልእክቱ የሚደርሰው ለእነርሱ ነው። ልጁ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ፣ ወይም ባልና ሚስት በንብረት ቢካሰሱ፣ መታወቂያው የእርሷ ቢሆንም ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ይቀራል።

ማንበብ የማይችል አርሶ አደርም ቅጹን የሚያስሞላው በጎረቤት ልጅ ወይም በኢንተርኔት ቤት ነው። ይህ እገዛ ባይኖር ብዙዎች ከአገልግሎቱ ውጭ በሆኑ ነበር። ሆኖም የሚስጥር ቁጥሩን አብሮ የሰጠ ሰው ገንዘቡን ለአደጋ ያጋልጣል፤ አንድ ጊዜ የተጭበረበረም ጎረቤቶቹን ጭምር ያሸሻል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ይሁንና ብዙው ተጠቃሚ መብቱን ገና አላወቀም።

ለዲጂታል መታወቂያ የሚመዘገብ ሰው በራሱ ስም የወጣ ሲም ካርድ ቢያስመዘግብ፣ ስልኩን ሲቀይርም መረጃውን ቢያስተካክል ይመረጣል። የማረጋገጫም ሆነ የሚስጥር ቁጥር ደውሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ «ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ» ቢል እንኳ፣ አይነገርም።