የሕፃናት ፍርሃትና የሜሪ ኮቨር ጆንስ ምርምር

አንድ ሕፃን ሲፈራ አዋቂዎች የሚወስዱት እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ከልማድ የተወረሰ ነው። አንዱ ይመክራል፤ ሌላው ያፌዛል፤ ሦስተኛው «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ዝም ይላል። እነዚህ ዘዴዎች በእርግጥ ይጠቅሙ እንደሆነ በሥርዓት ከመረመሩት ቀደምት ባለሙያዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ወይዘሮ ሜሪ ኮቨር ጆንስ ናቸው።

የምርምሩ መነሻ ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጡት ጽሑፍ የገለጹት ሙከራ ነበር። አንድ የ11 ወር ሕፃን ነጭ አይጥ ሊነካ ሲል ከበስተኋላው የብረት ዘንግ በመዶሻ ይመታ ስለ ነበር፣ ቀድሞ ያልፈራውን እንስሳ መፍራት ጀመረ። ፍርሃቱም ወደ ጥንቸልና ወደ ሌሎች ጠጉራም ነገሮች ተዛመተ። ሕፃኑ ግን ፍርሃቱ ሳይወገድለት ከነበረበት ሆስፒታል ወጣ። ሙከራው በዛሬው የምርምር ሥነ ምግባር ፈጽሞ የሚፈቀድ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ያስነሣው ጥያቄ ከባድ ነበር። ይኸውም፣ ፍርሃት በልምድ የሚተከል ከሆነ በልምድ ሊነቀል ይችላልን? የሚል ነው።

ወይዘሮ ሜሪ ጥያቄውን ይዘው የሄዱት በኒው ዮርክ ከተማ ለጊዜው በማሳደጊያ ተቋም ወደሚኖሩ ሕፃናት ነው። ዕድሜያቸው ከ3 ወር እስከ 7 ዓመት የሆኑ 70 ያህል ልጆችን ተመልክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1924 አሳተሙ። አዲስ ፍርሃት በማንም ላይ አልተከሉም፤ ፈርተው የተገኙትን ብቻ ለመርዳት በሰባት ዘዴዎች ሞከሩ። ሕፃኑን ከሚፈራው ነገር ለረጅም ጊዜ ማራቅ ብቻውን ፍርሃቱን አላጠፋም። ምክርም ከተጠበቀው በታች ሆኖ ተገኘ። ጥንቸል የምትፈራ፣ በአምስተኛ ዓመቷ ላይ የነበረች ልጅ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ስለ ጥንቸል ሥዕልና ተረት ቀረበላት፤ ስለ ጥንቸልም በደስታ ታወራ ጀመር። እውነተኛው ጥንቸል ሲመጣ ግን እንደ ቀድሞው ፈራች። የቃል ትምህርት ሁሉን ይፈታል ብሎ ለሚያምን መምህር ይህ ውጤት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ማፌዝ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነበር ማለት ይቻላል። እንቁራሪት የሚፈራ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ጎበዝ ለመምሰል ሞከረ፤ እንቁራሪቷን ሲያቀብሉት ግን ጮኾ ሸሸ። ፈሪ እያሉ ቢስቁበትም ምንም አልተሻለውም።

በእርግጥ ፍሬ የሰጡት ሁለት ዘዴዎች ብቻ ሆኑ። አንደኛው የማይፈሩ ልጆችን አብሮ በማጫወት ፈሪው ከእነርሱ እንዲማር ማድረግ ነው። ሁለተኛው የሚፈራውን ነገር ከሚወደው ነገር፣ በተለይም ከምግብ ጋር፣ ቀስ በቀስ ማጎዳኘት ነው።

ሁለቱም ዘዴዎች ፒተር በተባለው ልጅ ታሪክ ውስጥ ይታያሉ። ጥናቱ ሲጀመር ዕድሜው 2 ዓመት ከ10 ወር ሲሆን፣ አይጥ፣ ጥንቸል፣ ላባ፣ ጥጥና የጠጉር ካፖርት ይፈራ ነበር። በመጀመሪያ ከማይፈሩ ሦስት ልጆች ጋር እየተጫወተ ጥንቸል በአጠገቡ ይቀመጥ ጀመር፤ መሻሻሉም ታየ። ሆኖም በቀይ ትኩሳት በሽታ ታምሞ ሁለት ወር ያህል ሆስፒታል ተኛ። ከዚያ ሲወጣ፣ ከአስታማሚዋ ጋር ታክሲ ሊገቡ ሲሉ ትልቅ ውሻ ዘለለባቸው። አስታማሚዋም እጅግ ስለ ደነገጠች የፒተር ፍርሃት ወደ ነበረበት ተመለሰ። አዋቂው ሲደነግጥ ሕፃኑ ምን እንደሚማር ከዚህ አጋጣሚ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ በኋላ ፒተር ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚወደውን ምግብ ሲበላ፣ ጥንቸሉ በሽቦ ቤት ሆኖ መብላቱን በማያስተጓጉል ርቀት ይቀርብ ጀመር። ርቀቱ እየጠበበ ሄዶ፣ በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉ ጣቶቹን እንዲቆነጥር እስከ መፍቀድ ደረሰ። የጥጥ፣ የላባና የካፖርት ፍርሃቱም አብሮ ጠፋ። ተመራማሪዋ ግን ዘዴው ጥንቃቄ እንደሚሻ አስጠንቅቀዋል፤ እንስሳው በችኮላ ከቀረበ ልጁ እንስሳውን በመውደድ ፈንታ ምግቡን ሊጠላ ይችላልና።

ጽሑፉ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ብዙም አልተነበበም። ሐኪሙ ጆሴፍ ዎልፔ እ.ኤ.አ. በ1958 የፍርሃት ሕክምናን የሚመለከት መጽሐፋቸውን ካሳተሙ በኋላ ግን የወይዘሮ ሜሪ ሥራ የጠባይ ሕክምና መነሻ ተብሎ ይጠቀስ ጀመር። እርሳቸው ራሳቸው በዚያን ጊዜ በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1932 የተጀመረውንና ተማሪዎችን እስከ ጉልምስና የሚከታተለውን ጥናት ይዘው ነበር።

ይህ ረጅም ጥናት አስተያየታቸውን ሳይለውጠው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1987 ከማረፋቸው ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ የሦስት ዓመት ልጅን ፍርሃት ከልጁ ሙሉ ማንነትና ኑሮ ነጥሎ ማከም ከእንግዲህ እንደማያረካቸው ገልጸዋል። የፒተርም ጉዳይ ይህንኑ ያሳያል። እናቱ ልጁን ለመግዛት «ሰው ሊሰርቅህ ነው» እያሉ ያስፈራሩት ነበር፤ በእኛም አገር «ጅብ መጣልህ» የሚባለው ለዚሁ ነው። ፒተር የጥንቸል ፍርሃቱ ከተወገደለት በኋላ የተመለሰው ወደዚያው ቤት ነበር።